አራት ማማ ብቻ

ግንብ ብለው የወሰዱኝ ቦታ ጣራ አልነበረውም። ይህን ከሁሉ በፊት ልናገር፤ በቤተሰባችን የዚያ ቀን ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ «ሊታልን ግንብ ያሳየናት ቀን» ነው የሚባለው፣ በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው የለም። አራት ግድግዳ፣ በአራቱ ማዕዘን አራት ማማ፣ መሃሉ ሣርና የተሰባበረ ድንጋይ። አሚሻቭ ከሚባለው ሰፈራችን በመኪና አሥር ደቂቃ፣ ሮሽ ሃዓይን ከተማ ሳይደርሱ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የማልንቀው ነገር አልነበረም፣ አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

አያቴ አባ ጓንጉል ግን ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር ሲነግሩኝ ነበር የከረሙት። በውሃ መሃል የቆመ ግንብ ነው አሉኝ፤ ልክ ጎንደር እንዳለው የፋሲል መዋኛ፣ ውሃ ከቦት ደሴት የሆነ፣ ነገሥታት የኖሩበት። ስንት ማማና ስንት መስኮት እንዳለው ቆጥሬ የምነግራቸው እኔ እንደሆንኩም ነገሩኝ። እኔም ለክፍል ጓደኛዬ ለኦሻራት ወደ ደሴት ልንሄድ ነው ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት። በጀልባ ነው የምንገባው አልኳት። ጀልባውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አባባ መቁጠር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የሚቆጥሩት ሰው ነው። በእኛ ከጎንደር በመጣን አይሁዶች ዘንድ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ ሽማግሌዎች ይቀመጡና የሁለቱንም ዘር በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ከዚያ በታች አንድ አያት ላይ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው፣ ጋብቻው ይቀራል። አባባ በዚህ የታወቁ ነበሩ። ከነታኒያ፣ ከረሆቮት ሳይቀር እየደወሉ የእገሌ ቅድመ አያት ማን ይባል ነበር፣ ከየት መንደር ነበር ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስልኩን በትከሻቸው ይዘው፣ ሽንኩርት እየላጡ፣ ሳያስቡ ይመልሳሉ።

እኔንም አስተምረውኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሶፋው ላይ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና የራሳችንን ሰባት ቤት ያስደግሙኛል፤ ሲሳይ፣ ጓንጉል፣ ፈረደ፣ አዛናው፣ ዋሴ፣ ጀምበሬ፣ እሼቴ። ሲሳይ አባቴ ነው። ጀምበሬ ደግሞ የሰቀልት መንደር ብረት ቀጥቃጭ፣ መዶሻውን በግራ እጁ የሚያነሳው። ለጋብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም። ለእኔ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነበር፤ ምን እንደሚሠራ አላውቅም፣ ግን ከማንም ፈጥኜ እለዋለሁ።

ለመፍጠን ደግሞ ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ትምህርት ቤታችን የታናኽ ሂዶን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ውድድር፣ ተደርጎ ነበር። የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ አውቄው ሳለ አፌ ላይ እንደያዝኩት ሰዓቱ አለቀና ሊያት የምትባል፣ ከጎረቤቷ ወረቀት የምትገለብጥ ልጅ አንደኛ ወጣች። ሦስት ቀን አለቀስኩ። ሁለተኛ የሚያውቁትን ይዞ ዝም ማለት የለም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሰው በዘጠኝ ዓመቱ የሚምለውን መሐላ ማንም ባያከብረው ጥሩ ነበር።

የሄድንበት ቀን ዮም ሃዓጽማኡት፣ የነጻነት በዓል ነበር፣ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ሥጋ የሚጠብስበት። እናቴ በማለዳ ተነስታ ትልቅ ዳቦ ጋግራለች። እህቴ ቃልኪዳን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሣር ላይ የማይኬድበት ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷታል። መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ጣቶቿን ስታንኳኳ ግንቡ እንዳስጨነቃት ነበር ያሰብኩት። እናቴ ለምን እቤት እንዳልሆነ አባባን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። «ቤት ውስጥ ሰው ይበዛል፤ ሊታልም ግንቡን ትይ» አሏት። ለእኔ ተብሎ ይህ ሁሉ መደረጉ ምንም አልገረመኝም።

ጫካው በማንጋል፣ በከሰል ሥጋ መጥበሻ፣ ጭስ ታፍኗል። ባሕር ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው የሚጠብቁን ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አባ ሃይላ የሚባሉ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ፣ አምሳለች የምትባል ዓይኗ የማያርፍ ሴትዮ፣ እና ማዖር የሚባል ጎረምሳ። ማዖር ፀጉሩን በጄል አጣብቆ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። መግቢያው ላይ የተሰጠውን ካርታ ይዞ ለቃልኪዳን ስለ ግንቡ በዕብራይስጥ ያብራራላታል፤ ቱርኮች ሠሩት ይላል፣ ከሥሩ ሮማውያን ነበሩ ይላል፣ ከካርታው ላይ እያነበበ። እህቴ እያንዳንዱ ቃል የሚያስቅ ይመስል ትስቃለች። የቀጠርነው አስጎብኚ፣ መድሪኽ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሥራውን የማያውቅ መድሪኽ።

የማዖር አባት ሞሼ ስለሞተ የአባቱ እህት አምሳለች በእሱ ቦታ እንደመጣች፣ ማዖርና ቃልኪዳን ከሁለት ዓመት በላይ ሲዋደዱ እንደነበር፣ ያ ቀን ልክ ቢሆን ኖሮ ዳቦው ተቆርሶ የሠርጉ ወር እንደሚቆረጥ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንቡ በውሃ መሃል አልነበረም። ውሃው ከታች ራቅ ብሎ የተኛ ኩሬ ነው፣ ልጆች ፒታ እየቆረሱ ለዓሣ የሚጥሉበት። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ኩሬውን አይተው፣ ግንቡን አይተው፣ «ድሮ ከቦት ይሆናል» አሉኝ።

ከዚያ ራቅ አድርገው ወሰዱኝና ጎንበስ አሉ።

«ያላ ሊታል፣ ሂጂ እዪው። ማማዎቹን ቁጠሪ፣ መስኮቶቹን ቁጠሪ፣ የበሩንም ድንጋይ። ሁሉንም ሳትጨርሺ እንዳትመጪ።»

እናም ሄድኩ። በሩ ትልቅ ነው፣ ይህን አልክድም። ከበሩ በኋላ ግን ያው ጣራ የሌለው ሣር ነው። ደረጃ መሳይ ነገር ላይ ወጣሁ፤ አንዱ ማዕዘን ሽንት ሽንት ይላል፣ ሌላው ላይ የአንዲት ሴት ልጅ ስም ተጭሮበታል። ንጉሥ ቀርቶ የንጉሥ ወንበር የለም። ማማዎቹን ቆጠርኩ፤ አራት። አንዱ ስምንት ጎን አለው፣ እሱም ቢሆን አንድ ማማ ነው። መስኮቶቹ እጅ የማያስገቡ ቀዳዳዎች ናቸው። የበሩን ድንጋይ ሃያ ላይ ስደርስ ተውኩት። ሁሉም ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

አባባ የፈለጉት ሩቅ እንድሆን ነበር። በዚያ ጫካ ውስጥ የአያቶቹን ስም ጠርቶ ሊያፋጥጣቸው የሚችል አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ያውቃሉ፣ ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና። ለዚህ ያሰቡት ብልሃት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግንብ እንድትቆጥር መላክ ነበር። ግንቡ ግን አነሰ። የፋሲልን ያህል ቢሆን ኖሮ እህቴ ዛሬ የማዖር ሚስት ነበረች።

ስመለስ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የእናቶቹ ዘር አልቆ የአባቶቹ ደርሷል። አባ ሃይላ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ፣ ማዖር እንኳ መነጽሩን አውርዷል። እኔ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ቆሜ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ሂዶን ነው። ሽማግሌ ከሽማግሌ፣ ቤት ከቤት። አባ ሃይላ በጥሩ እየሄዱ ነበር፤ ሞሼ፣ ደሴ፣ ታከለ፣ አበጀ፣ ገላው አሉ። ከዚያ ስድስተኛውን ጣታቸውን አጥፈው «ገላው ጀምበሬ» አሉ፣ «የሰቀልቱ፣ ግራኙ። ጀምበሬ እሼቴ። ሰባት።»

ደሜ ፈላ። ጀምበሬ የእኛ ነው፣ እሼቴም የእኛ ነው። ሽማግሌው ልክ እንደ ሊያት ከሰው ወረቀት የገለበጡ መሰለኝ። አባባ ይህን ሰምተው ዝም ይላሉ ብዬ አላሰብኩም፣ ተራቸውን ጠበቅኩላቸው።

አባባ ቆጠሩ። ቃልኪዳን ሲሳይ፣ ሲሳይ ጓንጉል፣ ጓንጉል ፈረደ፣ ፈረደ አዛናው፣ አዛናው ዋሴ። እዚህ ላይ ቆሙ። ጺማቸውን ዳሰሱ፣ ወደ ኩሬው አዩ።

«ዋሴን የወለደው ጠፋብኝ» አሉ። «እርጅና ነው፤ ከዚህ በላይ አልሄድልኝ አለ።»

አምሳለች ቀና አለች። አባ ጓንጉል ጠፋብኝ ካሉ ማን ሊያስታውስ ነው ብላ ዓይኗን በሁሉም ላይ አዞረች። አባ ሃይላ ግን ጎበዝ ሰው ኖረዋል፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ይዘነጋል፣ አምስት ቤትም ቀላል አይደለም፣ ልጆቹ ይዋደዳሉ፣ እንለፈው አሉ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ እጇን ዳቦው ላይ አሳርፋለች። ቃልኪዳን ትንፋሿን እንደያዘች ማዖርን ታየዋለች፣ እሱም በዓይኑ ይስቅላታል። ሁሉም ሰው መሸነፋችንን በደስታ የተቀበለ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ ሽንፈት አይቼ አላውቅም።

ከዛፉ ጀርባ ወጣሁ።

«አባባ፣ ጀምበሬ ነው እኮ» አልኳቸው። «ዋሴ ጀምበሬ፣ ጀምበሬ እሼቴ። የሰቀልቱ ቀጥቃጭ፣ ግራኙ። አንተ ነህ ያስተማርከኝ። እኚህ ሰውዬ ከእኛ ነው የወሰዱት።»

በዕብራይስጥ ብናገረው አባ ሃይላ ላይሰሙት፣ አምሳለችም ላልሰማ ልትል ትችል ነበር። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም የዕብራይስጥ ቃል ሳልቀላቅል፣ ጥርት ባለ አማርኛ ተናገርኩ። እናቴ ሁልጊዜ አማርኛ ተናገሪ ስትለኝ በዕብራይስጥ የምመልስላት ልጅ፣ አማርኛዬን ለዚያ ቀን አስቀምጬው ኖሬያለሁ።

የጎረቤቶቻችን ሥጋ ማንጋሉ ላይ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ከዚያ አምሳለች ተነሳች፣ ቀሚሷ ላይ ያለውን ሣር አራገፈች። «እግዜር አተረፈን» አለች፣ «እህቱን ሊያገባ ነበር።» የአባ ሃይላን ክንድ ይዛ አስነሳቻቸው። ማዖር መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ቃልኪዳን ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወደ ኩሬው ሄደች፣ ተከትሏት የሄደ የለም።

እኔ ሙገሳዬን እየጠበቅኩ አባባ ፊት ቆሜያለሁ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ጎበዝ» አሉኝ። «ልክ ነሽ፣ ጀምበሬ ነው።»

ማማዎቹ አራት ብቻ ናቸው አልኳቸው። አይ፣ ትንሽ ነው ለካ አሉ።

ስንመለስ ዳቦው ሳይቆረስ እናቴ ጭን ላይ ነበር። የእህቴን ዓይን ያቀላው የማንጋሉ ጭስ መስሎኝ መስኮቱን ከፈትኩላት። ስለ ሽልማትም የጠየቅኩ ይመስለኛል።

ቃልኪዳን በቀላሉ አልተወችም። ጋብቻ የሚመዘግበው የሃይማኖት ቢሮ፣ ረባኑት፣ ምንም እንደማይከለክላቸው አጣርታ ወረቀቱን ሞልታ ለማዖር ወስዳለታለች። ማዖር በሠራዊት ከአውሮፕላን የዘለለ ልጅ ነው፣ ፎቶውን አይቻለሁ። አክስቱን ግን ፈራ። ሽማግሌ የማይመርቀው ሠርግ አልችልም አላት፣ በቴሌፎን። አሁን እዚያው ሮሽ ሃዓይን ሦስት ልጆች አሉት። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ አግኝቶኝ እህትሽ እንዴት ናት አለኝ፤ በሰደር፣ ደህና ናት አልኩት፣ እሱም እፎይ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ያ ሁሉ እንባ።

እሷ በሠላሳ አንድ ዓመቷ የአሽቀሎን ሰው አገባች። ዘሩ በደንብ ተቆጥሮ በሰባትም በስምንትም ቤት የማይገናኛት ሰው ነበር፣ በምንም ሌላ ነገርም አልተገናኙም። በአራተኛው ዓመት ልጇን ይዛ ወደ አሚሻቭ ተመለሰች።

በእኔ ተቆጥታ አታውቅም፣ ልጅ ነበረች ትላለች። ቂሟን ያኖረችው በአባባ ላይ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ቢያስታውሱት ኖሮ ገና ሳልወደው ይከለክሉኝ ነበር፤ የሰው ሁሉ ዘር ሲቆጥሩ የራሳቸውን ልጅ ዘነጉ፤ ይህ ነው ነገሯ። ጉልበታቸውን መሳም ተወች። ምግባቸውን ትሰጣለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ቀና ብላ አታያቸውም።

እሳቸውም መርሳታቸውን ቀጠሉበት። አንዴ ጠፋብኝ ያለ ሰው ሌላ ቀን የነታኒያውን ሰው ዘር ከነመንደሩ ቢዘረዝር ያ ቀን ውሸት እንደነበር ይታወቃልና፣ ለሚደውለው ሁሉ እንጃ፣ አላስታውስም ይሉት ጀመር። ወሬው ዞረ፤ አባ ጓንጉል ዘነጉ ተባለ። ስልኩ መጮኹን አቆመ። እኔ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አባባ፣ ስሜን ታስታውሳለህ?» እያልኩ አስቅባቸው ነበር። «እንጃ፣ ማን ነበርሽ?» ይሉኛል፣ ሰውም ይስቃል። እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከሠራዊት ለሻባት ዕረፍት የመጣሁ ቀን፣ ቦርሳዬን ይዤ ስገባ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሰማኋቸው። የእኛን ሰባት ቤት፣ የጎረቤቶቻችንን፣ የሞሼንም አባቶች አንድ በአንድ፣ ከነመንደራቸው፣ ሳይሳሳቱ። ሞሼ የሚለውን ስም በሰሙበት ቀን፣ ቃልኪዳን ገና ማን እንደምትወድ ስትነግራቸው፣ ስድስተኛው ላይ እንደሚገናኙ ያውቁ ነበር ማለት ነው። በዕድሜያቸው በአንድ ቤት እንኳ ዋሽተው የማያውቁ ሰው፣ እሷን ከማዖር ላለመለየት አንዴ ሊዋሹ ተነሱ፤ እኔ አረምኳቸው። ሲያዩኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

እኔም ዝም አልኩ። መናገር በነበረብኝ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን የዘጋሁት ያኔ ነው፣ ያውም ስለተመቸኝ። እሳቸው እንደዘነጋ ሽማግሌ ሲናቁ እኔ እንደ ንጹሕ ሕፃን ይቅር እየተባልኩ ስምንት ዓመት ኖርኩ። ማዖርን ፈሪ ማለት ይቀናኛል።

ባለፈው ወር የእኔ ተራ ደረሰ። የእጮኛዬ የዮታም ሽማግሌዎች ዘር ሊቆጥሩ እቤታችን መጡ፣ በዚህ ጊዜ ግንብ ያስፈለገው የለም። አባቴ አባባ ዘንግተዋል፣ እኔ የምችለውን ያህል እቆጥራለሁ አለ። አባባ ዘጠና አልፏቸዋል፤ በትራቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። «እኔው እቆጥራለሁ» አሉ። አባቴ በሐፍረት አንገቱን ደፋ። ቃልኪዳን ከሥራ እንደተመለሰች፣ የነርስ ልብሷን ሳትቀይር፣ የውሃ ብርጭቆዎች ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ሊታል ሲሳይ» አሉ፣ «ሲሳይ ጓንጉል፣ ጓንጉል ፈረደ፣ ፈረደ አዛናው፣ አዛናው ዋሴ።»

እዚህ ላይ ቆሙ። ትንፋሽ አጥሯቸው ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። አባቴ ወደ እኔ አየ፣ ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ የምታስታውሰው ልጅ እኔ ነኝና። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ጥርሴን ነከስኩ።

«ዋሴ ጀምበሬ» አሉ አባባ። «የሰቀልቱ ቀጥቃጭ፣ ግራኙ። ጀምበሬ እሼቴ። ሰባት። ልቀጥል?»

ከልጁ ወገን ጋር የሚገናኝ ስም አልነበረም፤ እንግዶቹ ተመስገን ብለው መመረቅ ጀመሩ። ቃልኪዳን ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ተንገዳግዶ ውሃው ፈሰሰ፣ አላየችውም።

«ጠፍቶብዎት አልነበር፣ አባባ?» አለቻቸው።

«መች ጠፋብኝ፣ ልጄ» አሉ። «ላንቺ ብዬ ነው የረሳሁት።»

ምርቃቱ ቆመ። እህቴ የቆመችበት ቦታ ሆና ቁጥሩን መልሳ ስትቆጥር አየኋት፤ ጫካውን፣ አምስተኛው ላይ መቆማቸውን፣ ከዛፍ ጀርባ የወጣችውን ልጅ። ከዚያ ሄዳ ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች፣ ግንባሯን እዚያው አሳርፋ ብዙ ቆየች። እሳቸው በጀርባዋ ላይ እጃቸውን ያመላልሳሉ።

ስትነሳ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ ደርቋል። ያወቅኩት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ ፊቴን አይታ ያገኘችው ይመስለኛል። ይቅርታ ልላት ከንፈሬን ስከፍት መዳፏን አፌ ላይ አደረገች፣ በቀስታ፣ ሕፃን ልጅ ዝም እንደሚያሰኙት። እጇ የሆስፒታል ሳሙና ይሸታል። እንዲያ እንዳለን፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቼ፣ ዝም አልኩላት።